ደንገል የጋረደው ሐይቅ

አንድ ታንኳ ሠሪ ነበረ፤ ቤቱም በሐይቅ ዳር ነበረ። ወልድየ፣ «በዐውደ ምሕረት ቆሜ ሳስተምር ሕዝቡ ለምን ሹልክ እያለ ይወጣብኛል?» ብለህ ጠይቀኸኛልና የዚህን ሰው ነገር አድምጥ።

ሰውየው ያረጀው በዚያው ቤት ነው፤ ሚስቱ ትርንጎም አብራው። በስተርጅና ግን የሐይቁ ርጥበት ደረቷን ያዛት። ሳሉ ሲነሣባት ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች፤ እርሱም እስኪያልፍላት ድረስ አብሯት ይቆማል። ሐኪሙ «ክረምቱ ሳይገባ ከውኃው ካልራቀች እፈራላታለሁ» አለው። ሴት ልጃቸው በደረቅ አገር ትኖር ነበርና በአጠገቧ ጎጆ ለመቀለስ ይህ ቤት መሸጥ ነበረበት። ሰማዩ ደግሞ መጥቆር ጀምሯል።

ሰውየውም ቤቱን ለገዢ ዐይን ያሰናዳ ጀመር። ግድግዳውን ሁሉ ኖራ ለቀለቀው። ከኋላው በር አጠገብ ውኃው በክረምት ሞልቶ የተወው ምልክት ነበረ፤ እርሱንም ደጋግሞ ቀባው። በወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘረጋ። በሐይቁ በኩል ያለው ጭቃ፣ የዓሣ ቅርፊትና የተሰበረ መቅዘፊያ ግን አሳፈረው። ስለዚህ ለታንኳ የሚያደርቀውን ደንገል በነዶ በነዶ እያሰረ በዚያ በኩል እስከ ጣሪያው ደረደረው። በሩም መስኮቱም ከነዶው ኋላ ቀሩ።

ትርንጎ ይህን አይታ ሳቀች። «ቤቱን ሙሽራ አስመሰልኸው፤ ዐይኗን ግን አሰርህባት።»

«ምኑን ይዩልኝ? ጭቃውን?»

«ሐይቁን ነዋ።»

«ሐይቁ የእግዜር ነው፤ እኔ የምሸጠው ቤት ነው» አላት። ዕድሜውን ሙሉ የቀዘፈበት ውኃ ለእርሱ እንደ ገበሬ ማሳ የላብ ስፍራ ነበር። ሰው እርሱን ለማየት ብሎ ይመጣል ብሎ አላሰበም።

ገዢዎች መጡ። አንዱ በምንጣፉ ላይ ዞር ዞር አለና «አባቴ፣ ቤቱስ ደኅና ነው፤ እንዲህ ያለው ግን ከተማም ሞልቷል» ብሎ ሄደ። ሌላው አዲሱን ኖራ በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ከባልንጀራው ጋር ተያየ። «የሐይቅ ዳር ቤት ሆኖ ውኃ ያልነካው የት ታይቷል?» ተባባሉና እነርሱም ወጡ። ታንኳ ሠሪው እንደ ገና ኖራ ይበጠብጥ ጀመር።

አንድ ቀን ጧት ትርንጎ ሳሏ ሲያርፍላት እጁን ያዘችው። «ቤቱ ተሸጠም አልተሸጠም እኔ መሄዴ ነው፤ ወይ ወደ ልጄ፣ ወይ ወደ ፈጣሪዬ። ከመሄዴ በፊት በመስኮቴ ሐይቁን ልየው። ከዓሣ ስትመለስ በእርሱ ነበር የማይህ።»

ሰውየው ተነሣ። ወጣና ነዶውን እየጎተተ ያወርድ ጀመር። ስለ ገዢ አላሰበም፤ ያሰበው መስኮቱን ብቻ ነው። ነዶው ሲወርድ ከኋላው ታፍኖ ሳይደርቅ የቀረውን ኖራ ፍቆት ወረደ፤ የተቀባውም ምልክት ተገለጠ።

በዚህ መካከል አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ባልቴት ቤቱን ለማየት ደረሰች። ግቢው ደንገል በደንገል ሆኗል። ሰውየው አፍሮ «እትዬ፣ ዛሬ ቤቱ አልተሰናዳም፤ ነገ ይምጡ» አላት። እርሷ ግን አልሰማችውም። ገብታ ከትርንጎ ጎን በመስኮቱ ቆማ ነበር። የውኃው ብርሃን በጣሪያው ላይ ይርገበገባል፤ ከማዶ የሚመጡ ታንኳዎች ወደ ገበያ ይቀዝፋሉ። ብዙ ቆየች። በኋላ በኋለኛው በር ወጥታ ምልክቱን አየችና «ይህስ?» አለች።

ሰውየው አፉን ሊከፍት ሲል ትርንጎ ቀደመችው። «አንድ ክፉ ክረምት ውኃው እዚህ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደጃፉን አልፎ አያውቅም። ርጥበቱ ለእኔ ደረት አልሆነም፤ አንቺም ደረትሽን ጠይቂ።»

«የእኔ ደረት በገበያ ጩኸት የደነደነ ነው» አለች ባልቴቷ። «እስከ ዛሬ ይህን ሐይቅ የደበቀው ማን ነው?»

ትርንጎ በአገጯ ወደ ባሏ አመለከተች፤ እርሱም ሳይቀር ሳቁ። ባልቴቷም ቤቱን ገዛችው፤ ክረምቱ ሳይገባ ባልና ሚስቱ በልጃቸው ደጅ ጎጆ ቀለሱ።

ወልድየ፣ ታንኳ ሠሪው አንተ ነህ። ዜማህ ያማረ፣ ቅኔህም የተዋጣለት መሆኑን ያስተማርሁህ እኔ አውቃለሁ። ነገር ግን ሐይቁ ወንጌሉ ነው፤ አንተ ነዶ በነዶ ላይ ትደረድርበታለህ። የሚያስደነግጠው ቃል ሲመጣም ሕዝቡ እንዳይሸሽ ኖራ ትቀባዋለህ። ሕዝቡ የሚሸሸው ግን ኖራውን ነው፤ ያማረ ንግግርማ ገበያም ሞልቷል። እንግዲህ እሑድ ስትቆም ከሕዝቡ መካከል እያሳላት ወደ መስኮቱ የምትመለከት አንዲት ነፍስ እንዳለች አስብ። ስለ እርሷ ብለህ ደንገሉን አንሣ፤ የቀሩት ራሳቸው ይቆማሉ።