የአልጋ እንጨት የተባለው ጠመንጃ

ጠመንጃውን ለአማቹ የላከ አንድ ሰው ነበረ። ልጄ፣ «እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ ከእኔ ወደ ወንድሜ ለምልከው መሣሪያ ዳኛ ምን አገባው?» ብለህ ጠይቀኸኛልና የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ሰውየው ባለጸጋ ነበረ፤ አማቹም ከወንዙ ማዶ፣ በዚያው ግዛት ይኖር ነበር። የአገሩ ሕግ አጭር ነው። ጠመንጃ የሚልክ ሰው በዳኛ ፊት ከፍቶ ባዶነቱን ያሳያል፤ ለሚጭነው ሰው ምን እንደሆነ ይነግረዋል፤ ተቀባዩም በማዶው ዳኛ ፊት ይረከባል። ባለጸጋው ይህን ሲያስብ ደሙ ፈላ። እሱን የመሰለ የተከበረ ሰው እንደ ሌባ ዕቃውን ሊያስፈትሽ ነው? ጠመንጃውን በሰሌን ጠቀለለና በአጋሰስ ለሚነግድ አንድ ሲራራ ነጋዴ ሰጠው።

«ምንድን ነው ጌታዬ?» አለ ነጋዴው።

«የአልጋ እንጨት ነው።»

ነጋዴው አመነው። በአደራ የተቀበሉትን ጭነት ፈትቶ ማየት በነጋዴ ዘንድ ነውር ነው።

ጥቂት ሰንብቶ ነጋዴው ተመለሰ። አልተቆጣም፣ አልተሳደበም። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ባለጸጋው ጉልበት ላይ ዘረጋው። አንገት በሚያርፍበት በኩል ቀዳዳ ነበረው፤ ዙሪያው ጠቁሯል።

«መንገድ ላይ፣ ማደሪያችን ደርሰን ስናራግፍ እንደ ልማዳችን ወረወርነው» አለ። «እንጨት ነው ብለውን የለ።»

ባለጸጋው ክረምት ላይ ጅብ በረቱን ሲዞር ያጎረሰውን ጥይት ያን ጊዜ አስታወሰ። ጠመንጃውን ባዶ ነው ብሎ ነበር የጠቀለለው። ጣቱን በቀዳዳው አሾለከ። ቀና ብሎ የነጋዴውን አንገት ሲያይ የደም ሥሩ ትር ትር ይላል። ያን ትርታ ዐይኑን ሳይነቅል ብዙ ተመለከተው። አንድ ሰው ፊቱ ቆሞ መተንፈሱ ይህን ያህል የሚያስደንቅ ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር። ፈራም፤ የዚህን ሰው ሞት ጠቅልሎ የላከው እሱ ራሱ ነውና።

ስለ ጠመንጃው መጠየቅ አፈረ። ነጋዴው ግን ራሱ ነገረው፦ «ወንዝ ልጥለው አስቤ ነበር። አደራ ሆነብኝና ባዶ መሆኑን አረጋግጬ በእጄ ይዤው ሄድኩ። በማዶው ዳኛ ፊት አስረክቤልዎታለሁ።»

ባለጸጋው ተነሥቶ ነጋዴው እግር ላይ ወደቀ። ከዚያም ጋቢውን ይዞ፣ ማንም ሳይጠራው ዳኛው ዘንድ ሄዶ ጥፋቱን ተናገረ፤ ቅጣቱንም አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

አንተም ልጄ፣ ሕጉ የጠረጠረህ መስሎህ ተቆጥተሃል። አንተና ወንድምህ ትተዋወቃላችሁ፣ ትተማመናላችሁ። በመካከላችሁ ግን ስሙን እንኳ የማታውቀው፣ ጭነትህን ባንገቱ አጠገብ ይዞ የሚሄድ ሰው አለ። ሕጉ የወጣው ለእሱ ነው። በል ተነሥ፣ ጠመንጃህን ይዘህ ዳኛው ፊት ክፈተው።