የመሃሏ ጥቁር ዶቃ

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። ድሮ፣ ዕቃውም አውሬውም በሚናገርበት ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ጉንዳኖች፣ ከወንዝ ወዲህ ጃርቶች ይኖሩ ነበር። ጉንዳኖች ዋርካ ላይ ወጥተው ተራራውን ያያሉ። ጃርቶች ከጉድጓዳቸው ሆነው ምንም አያዩም፤ የወንዙን ነገር የሚሰሙት ከጉንዳኖች ነው።

መልእክቱ ክር ላይ የተሰካ ዶቃ ነው፤ አንዱ ዶቃ አንድ ነገር ይናገራል። ታዲያ ልማዳቸው ለየቅል ነው። ጉንዳን ብዛቱን አስቀድሞ ይናገራል፤ ጥቁር ዶቃ ለእሱ ጥቁር ደመና ናት። ጃርት ግን አይቆጥርም፤ ጥቁር ዶቃ ሲያገኝ «አለቀ» ብሎ ያቆማል።

አሻጋሪዋ እመት ኤሊ ነበረች። ጫፉ ላይ አንድ ጥቁር ዶቃ ትጨምርና ታሻግራለች። ልጅ የላትም፤ የአያ ጃርትን ትንሿን ልጅ ክርስትና አንስታ እንደ ዓይኗ ብሌን ትሳሳላት ነበር።

አንድ ቀን አሻገረች፤ ደህና ሆነ። በማግስቱም አሻገረች፤ ደህና ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጉንዳኑ «ስድስት ዶቃ ነው፣ ቶሎ በይ» አላት። እሷም እንደ ልማዷ ጫፉን በጥቁር ዶቃ አስራ ወደ ውሃው ገባች።

ክሩ ተናገረ፤ የክር ድምፅ የሚሰማው ለአሻጋሪዋ ብቻ ነበር። «እመት ኤሊ፣ መሃሌ ላይ ጥቁር ዶቃ አለች። ጃርት እዚያ ያቆማል።»

«ጫፍህን አስሬያለሁ። ሌላ ምን ጎደለህ?»

«ፍቺኝና እንደገና ስኪኝ።»

«ሁለት ጊዜ አሻግሬ ማን ምን አለኝ? ክር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካሪ የሆነው?» አለችው። ኩራት ነዋ።

አያ ጃርት ዶቃውን ዳሰሰ። «ወንዙ ጎድሏል» የሚለውን አነበበ፤ ጥቁሯን አገኘና አቆመ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አበልጄ» አላትና ልጆቹን ሥር እንዲቆፍሩ ወደ ወንዙ አሸዋ ሰደዳቸው።

«አሁን እንኳ ተናገሪ» አላት ክሩ። ኤሊ ልቧ ፈራ፤ ግን ስህተቷን ለማመን አፍራ ወደ ውሃዋ ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ ደራሽ ውሃ መጣ። ትልልቆቹ ሮጠው ወጡ። ትንሿ አልወጣችም።

ለቅሶው ላይ አያ ጃርት ክሩን ይዞ መጣ። አልተቆጣትም። «አበልጄ፣ ቀሪው ምን ይል ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

ኤሊ ከጥቁሯ ጀምራ አንድ በአንድ ዳሰሰች። «ጥቁር ደመና... ተራራው ላይ... ልጆቻችሁን... አሽሹ።»

ከዚያ ወዲያ እመት ኤሊ ክር ሳትፈታ፣ ዶቃ ሳትቆጥር፣ የመሃሏን ጥቁር በሁለት ግራጫ ሳትተካ ወንዝ ገብታ አታውቅም። ለጃርቶችም ሁለት ግራጫ ደመና መሆኑን አስተምራለች። የሞተችውን ግን አልመለሰላትም።

ለዚህ ነው አባቶች ያሻገረ ሁሉ አደረሰ አይባልም የሚሉት።