ከጎተራው ሥር

በአንድ ወቅት ማኅደር የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ታላቅ እህቷ ሐመልማል ስታጠና ከጎኗ እየተቀመጠች ፊደል ለቀመች፤ አንድ ቀንም በዱቄት ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች። ያን ዕለት ቤቱ ደስ አለው። ከዚያ ወዲህ ግን ደስታ ራቀው።

እናቷ የሺመቤት ከሦስተኛ ክፍል የቀረች ናት። «የረጠበ እርሻ ካልዘሩበት ይደርቃል» አለችና የፊደል ገበታ ሰቀለች፤ ጠዋት ጠዋት ልጅቷን አቁማ በስንደዶ ታስቆጥራት ጀመር። ማኅደር ቆጠረች። ወር ሳይሞላ ግን ምንም ብትጠየቅ አስቀድማ የእናቷን ፊት ማየት ለመደች።

አባቷ ጓንጉል በሰባት ዓመቱ ሥራ የገባ፣ ጨዋታ ሳያውቅ ያደገ ሰው ነው። «ልጅነት ካመለጠ በምን ይያዛል?» ብሎ ገበታውን ጣሪያ ላይ ወረወረው። መጽሐፍ ስታነሳ እየነጠቀ «ተጫወቺ» ይላታል። ማኅደርም አልጋ ሥር ተደብቃ ማንበብ ጀመረች።

ሐመልማል የእናቷንና የአባቷን ፍላጎት ማስታረቅ ፈለገች። ማኅደር ድብብቆሽ ትወዳለች። ሐመልማል ዓይኗን ጨፍና «ኩኩሉ» ስትላት፣ ማኅደር እስክትደበቅ «አልነጋም» ትላለች፤ ከተደበቀች በኋላ «ነጋ»። ሐመልማል ፊደላት በካርቶን ቆርጣ በመደበቂያዎቹ ሁሉ ለጠፈች፤ ከበርሜሉ ኋላ፣ ከበሩ ጀርባ፣ ከአልጋው ሥር። «የተደበቅሽበትን ካነበብሽ አሸነፍሽ።» ሁለት ቀን ተሳቀ።

በሦስተኛው ቀን ማኅደር «አልጋ ሥርም አለ?» አለቻት።

«የትም አለ» አለች ሐመልማል፣ ያስደሰተቻት መስሏት።

በማግስቱ ልጅቷ ጠፋች። ከቀትር በኋላ በጎረቤታቸው በእማማ ደብሪቱ ጎተራ ሥር ተገኘች። ጎተራው ድንጋይ ላይ የቆመ ነው፤ ከሥሩ አዋቂ አይገባም። ዝናብ ያካፋል።

እናት ተንበርክካ «ኩኩሉ» አለች።

«አልነጋም።»

«ኩኩሉ፣ የኔ ዓለም» አለ አባት።

«አልነጋም።»

ሐመልማልም ጠራች። ያው ድምፅ፣ ጨዋታ የሌለበት ድምፅ፣ «አልነጋም» አላት።

እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ። «ሦስት ሆናችሁ ከቆማችሁባት አትወጣም። አንዳችሁ ብቻ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ሁለታችሁ ሂዱ። ከዛሬ ወዲያም የሚቀመጠው ሰው ይያዛት፤ ሌሎቻችሁ እጃችሁን ሰብስቡ» አሉ።

«የወለድኳት እኔ ነኝ» አለች የሺመቤት።

«እኔ መች ጫንኩባት?» አለ ጓንጉል።

«አልጫንክም። ነጠቅሃት እንጂ» አለችው የሺመቤት።

ሐመልማል በልቧ፣ እናታችን ጨዋታዋን ወሰደችባት፣ አባታችን መጽሐፏን፤ እኔ ግን መደበቂያዋን፣ ብላ አሰበች። ሆኖም ያቺ ልጅ ፊደል የለቀመችው ማንም ሳያዛት፣ ከእሷ ጎን ተቀምጣ ነበር።

ዝናቡ በረታ። ውሃው ወደ ጎተራው ድንጋይ መውረድ ጀመረ። ከሦስቱ አንድም እግሩን አላነሳም።

እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ። ከጎተራው አጠገብ መቅረት የሚገባው ማን ነው?