ቀንበሩን የሠራው ጎረቤት

የአንድ መንደር ሰዎች የእርሻ ዕቃ እየሠሩ ለጎረቤት ይሰጡ ነበር። የአገሩ ሹም ቀኛዝማች ድልነሳ ግን፣ «ዕቃ ያስቸገረው ሁሉ ለእኔ ያመልክት፤ ለሠሪው የምነግረው እኔ ነኝ» ብለው አዘዙ።

የአንድ ተረበኛ ገበሬ በሬ ጫንቃው ጎረቤቱ በጠረበለት አዲስ ቀንበር ተላጠ። ገበሬው ቢያመለክት «ነገ ተመለስ» እየተባለ የዘር ጊዜው ሊያልፍበት ሆነ። ቢጨንቀው ቀንበሩን ተሸክሞ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ወደዚያው ጠራቢ ሄደ፤ ጠራቢውም አስተካከለለት።

ቀኛዝማች ይህን ሰምተው ሸንጎ ፊት አቆሙትና፣ «እኔን ዘለህ ሠሪውን ለማነጋገር እንዴት ደፈርክ?» አሉት።

ገበሬው እጅ ነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ እኔን ራሴን የሠራኝን እንኳ ሲቸግረኝ ቀና ብዬ አነጋግረዋለሁ፤ ነገ ተመለስም ብሎኝ አያውቅም። ታዲያ ቀንበር የጠረበልኝ ጎረቤቴ ከእሱ በልጦ ነው ደጅ የምጠናለት?» አለ።

ቀኛዝማች ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ትእዛዙም በዚያው ቀረ።