ጣቴን መልስልኝ

አንድ ሰውዬ ነበረ። ተመራማሪ ነው፣ የእንሰት ተመራማሪ። አሜሪካ መግባት ፈልጓል፤ ግን በዲቪ አይደለም እሺ? ዕጣ ምናምን የለውም። ልዩ ችሎታ ላላቸው ሳይንቲስቶች የሚሰጥ ቪዛ አለ። «እኔን የሚያህል ጥቂት ነው» ትላላችሁ፣ ሌሎች ደግሞ «አዎ፣ እውነቱን ነው» ብለው ደብዳቤ ይሰጧችኋል። ደብዳቤውን ግን ማን ያረቀቀው ይመስላችኋል? ራሱ ሰውዬው! እነሱ መፈረም ብቻ።

አንድ ደብዳቤ ቀረው። ጠበቃው «ከግኝትህ የተጠቀመ ገበሬ ይመስክርልህ» አለው። ስለዚህ ከወልቂጤ ወዲያ እማማ ዘርፌ የሚባሉ ገበሬ ጋ ሄደ። አጠውልግ የሚባለው በሽታ የሰፈሩን እንሰት ሲጨርስ፣ በሽታው የማይነካውን ዝርያ ያገኘው እሳቸው ጓሮ ነዋ።

«እማማ፣ እዚህ ጋ አውራ ጣትዎን።»

«ምን ይላል?»

«ያው... ስለ እንሰቱ ነው።»

«አንብብልኛ! ያልሰማሁት ነገር ላይ ጣቴን አላሳርፍም። ባሌንም ያገባሁት ጠይቄ ነው።»

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው። እያየ በአማርኛ ይነግራቸው ጀመር። አንድ መስመር ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። «ዝርያውን ለይቶ ያወቀው እሱ ብቻውን ነው» ይላል። ብቻውን! ከስድስት ዓመት በፊት እጁን ይዘው ጓሮ የወሰዱት ማን ሆነና? «ይቺን እያት፣ ጎረቤቶቿ ሲሞቱ እሷ እምቢ አለች» ያሉትስ?

እንዴት አድርጎ አነበበው መሰላችሁ? «ወይዘሮ ዘርፌ ናቸው ያሳዩኝ ይላል» አላቸው።

ወይኔ! እማማ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። «ስሜ አሜሪካ ሊሄድ? እኔ ወልቂጤ ከሄድኩ ስንት ጊዜዬ!» ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን፣ ወረቀቱ ላይ ጫን።

ሰውዬው መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር ሊያስነሳ ሲል መስኮቱ ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው፣ እያለከለኩ። በኮባ የተጠቀለለ የእንሰት ችግኝ ይዘዋል።

«የኔ ልጅ፣ ዘርፌ ማናት ብለው ከጠየቁህ፣ ይቺን አሳያቸው።»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ? የት ትገቡ ነበር?

ፊቱ ነደደ። ችግኙን ለመቀበል እጁ አልዘረጋ አለው። ወርዶ ቆመ፣ መሬት መሬት እያየ። «እማማ፣ ልክ አላነበብኩልዎትም። ስምዎ የለበትም። ብቻዬን ነው የሚለው።»

ቀለም የነካውን ጣታቸውን አዩት። በነጠላቸው ጠረጉት፤ አልለቀቀም። አልተሳደቡም እኮ! ቢሳደቡ ይሻለው ነበር።

«ጣቴን መልስልኝ» አሉት።

ወረቀቱን እዚያው ፊታቸው ቀደደው። ጠበቃው ሲሰማ «ብቻውን የሚለው ከወጣ ማመልከቻህ ይዳከማል» አለው። «ይዳከም» አለ። በሳምንቱ ስማቸው ያለበትን አዲስ ደብዳቤ ይዞ ተመለሰ። እማማ ተቀበሉት፣ ወንበር ሰጡት። ግን የሰፈሩን አስተማሪ ጠርተው አጠገባቸው አስቀምጠዋል፣ እንዲያነብላቸው።

«ቪዛውን አገኘ?» ልትሉኝ ነው አይደል? ፊታችሁ ላይ አየሁት። እኔም ታሪኩን ስሰማ መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነው፣ አፈርኩ። እማማ ዳግም አመኑት ወይ ብሎ የጠየቀ አለ?

እኛስ? እዚህ ቆመን «ጸለይኩ፣ አጠናሁ፣ ማትሪክ አለፍኩ» ብለን ስንመሰክር የማንን ስም ዘለልን? ደብተሯን ያዋሰቻችሁ ልጅ እኮ እዚሁ ኋላ ተቀምጣ «አሜን» ትላለች! እልልም ትልላችኋለች!

እማማ ማንበብ አይችሉም። እግዚአብሔር ግን አንባቢ አያስፈልገውም። የዘለላችሁትን መስመር ያውቀዋል።

እና ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ በሩ ላይ ቆማችሁ ባለ ደብተሯን ጠብቋት።