የግራር ሜዳ ብሩነሮች

ቅረቡ፣ ቅረቡ። አንተ ብሩነር፣ ያቺን ጀሪካን አታንኳኳ! አንተን አይደለም፣ ወዲያኛውን ነው የምለው። አይ የኛ ነገር! አንድ ስም ስጠራ ስድስት ራስ ይዞራል። እስቲ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዛሬን አትዩ፣ ዱሮ እዚህ ግራር ሜዳ ጠብታ ውኃ አልነበረም። እናቶቻችን ጎህ ሲቀድ እንስራ አዝለው ወንዝ ይወርዱ ነበር፤ ሲመለሱ ቀትር ያልፋል። በዚያ ዘመን አንድ ጀርመናዊ መጣ። ካርል ብሩነር ይባላል። ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ሀብቱ አንዲት አህያ፣ አንድ ዶማና አንድ ገመድ ነበር። ብሩነር በአገሩ የጉድጓድ ውኃ ሰው እንደማለት ነው አለ፤ አያት ቅድመ አያቶቹም ቆፋሪዎች ነበሩ። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ወረርሽኝ ወስዶበታል። በተሰባበረ አማርኛ «እኔ ስሞት ብሩነር አለቀ» ይል ነበር። ይህን ሲል ዓይኑን ከሰው ያሸሻል።

መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ቆፈረ። ቆፈረ፣ ቆፈረ፣ አለት ገጠመው። ዶማው ተሰበረ። አባቶቻችን ማረሻ ቀጥቅጠው ሌላ ሠሩለት።

ሁለተኛ ከገበያው ዳር ቆፈረ። ቆፈረ፣ ቆፈረ፣ ውኃ ወጣ። እልል ተባለ። ቢቀመስ ጨው! አህያዋ እንኳ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ሰዉ አዝኖ ወደየቤቱ ገባ፤ እሱ ግን ልጅ እንዳይገባበት ብሎ ጉድጓዱን ሲደፍን ዋለ።

ሦስተኛ ላይ እናቴ አስካለ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ይህቺ ሾላ በበጋም ቅጠሏ አይረግፍም፤ እዚህ ሞክር» አለችው። እኔን በሆዷ ይዛ ነበር። ቆፈረ፣ ቆፈረ፣ አፈሩ ተንዶ እስከ ደረቱ ቀበረው። ሰዉ በእጁ ምሶ አወጣው። በቃ፣ ይሄዳል ሲሉ፣ በማግስቱ ገመዱን ታጥቆ ወረደ። በአምስተኛው ቀን ከታች ጮኸ። ይኸው፣ ይህ የምትጠጡት ውኃ ነው! እናቴ ከዚያ ወዲያ ወንዝ አልወረደችም። እንዲህ ያለ ውለታ እንዴት ይረሳል?

እኔ ስወለድ ሽማግሌዎቹ ለቆፋሪው ምን እናድርግለት ብለው ተማከሩ። በኛ ወግ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ ስለዚህ ብሩነር አባቱ መስሏቸዋል። እናቴም «ካርል እሱ ራሱ በሕይወት አለ፤ የአባቱን ስም እናንሳለት» አለች። እኔን ብሩነር አሉኝ። ሰውየው ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። ለካስ የአባቱ ስም ዮሴፍ ኖሯል! ብሩነር የዘሩ ሁሉ ስም ነው። ከዚያ ሾላዋን ተደግፎ አለቀሰ። «አልተሳሳታችሁም፣ አልተሳሳታችሁም» እያለ።

ከኔ በኋላ በየዓመቱ አንድም ሁለትም ብሩነር ተጨመረ። ካርል አርጅቶ ከጉድጓዱ አፍ ይቀመጣል። አንዲት እናት ልጇን «ብሩነር!» ብላ በተጣራች ቁጥር፣ እሱን እንዳልጠራችው እያወቀ «አቤት!» ይል ነበር።

ሲሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አፈር ሲለብስ እናቴ ሐዘኑ አላስችል ብሏት «ብሩነር! ወንድሜ ብሩነር!» ብላ ተጣራች። እኛ ልጆቹ ሳንመካከር «አቤት!» አልን። አሥራ አራት ነበርን።

ለዚህ ነው በየዓመቱ ጉድጓዱን ጠርገን ስንጨርስ፣ ውኃ ከመቀዳቱ በፊት አንዲት እናት ስሙን የምትጣራው። አምና ስልሳ ሁለት ሆነን አቤት አልን። በሉ ተነሱ፣ ጎልማሶቹ ጠርገው ጨርሰዋል። ስትጣራ ጮክ ብላችሁ መልሱ፤ ሰውየው ሩቅ ነው።