ውኃውን የተሸከመው ማን ነው?

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ጫካ ዳር ተቻችለው በሚኖሩበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ነበረች። ተቻችለው ስል አንበሳው የጠገበ ዕለት ማለቴ ነው። ይህች አህያ እርጉዝ ነበረች፤ ለምትወልደው ልጅ ያስቀመጠችውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተረት። ሌላ ምን ይኖራታል? የአህያ ሀብቷ ጀርባዋ ነው፤ ጀርባ ደግሞ አይወረስም።

ተረቱን የነገረቻት እናቷ ናት። ክረምት በገባ ቁጥር እናቲቱ ከወይራው ዛፍ ሥር ጀርባዋን ለንፋሱ ሰጥታ ትቆማለች፤ ትንሿ አህያ ሆዷ ሥር ትገባለች፤ ተረቱም ይጀመራል።

«ድርቅ በገባበት ዘመን አንድ ፍጥረት ነበረ» ትላለች እናት። «አገር ሁሉ የሚጠለልባት ዋርካ ልትደርቅ ደረሰች። ያ ፍጥረት እሷን ለማዳን ከተራራው ማዶ ካለች ምንጭ በቅል ውኃ ቀድቶ መንገድ ጀመረ።»

መንገድ ላይ ጉንዳን ይለምነዋል፤ ይሰጠዋል። ቆቅ ትለምነዋለች፤ ይሰጣታል። ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ ጎሽ ይለምነዋል፤ ለእሱማ አብዝቶ ይሰጠዋል። ዋርካዋ ጋ ሲደርስ ቅሉ ውስጥ የቀረችው አንዲት ጠብታ ናት። እሷን ሥሯ ላይ ጠብ ያደርግና አጠገቧ ቁጭ ይላል።

«ከዚያስ?» ትላለች ትንሿ አህያ።

«ከዚያማ እየጠበቀ ነው» ትላለች እናቷ። ተረቱም በዚሁ ያልቃል።

ጉንዳኑ ጋ ሲደርሱ እናቲቱ ሁልጊዜ ቆም ብላ አንገቷን ከወይራው ግንድ ጋር ታክክ ነበር። ለምን እዚያው ላይ ሲደርሱ እንደሚበላት እንጃ። አህያዋ ካደገች በኋላም ተረቱን በልቧ ስትደግመው፣ ጉንዳኑ ጋ ስትደርስ ያ የግንድ መታከክ ጆሮዋ ላይ ይመጣል። እናቷ ከሞተች ብዙ ክረምት አልፏል፤ በዚያ ተረት ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሞተችም። ኧረ ደግ ጊዜ ነበር ያ!

ታዲያ በአንዱ በጋ ብልጢት ቀበሮ ጭራዋን እያወዛወዘች መጣች።

«እትዬ አህዪት፣ እንደምን ከረምሽ? ሆድሽም ገፍቷል፤ ማርያም በሽልም ታውጣሽ!»

«አሜን። ምን አመጣሽ ቀበሪት? አንቺ ለሰላምታ ብቻ አትመጪም።»

«የውኃ ተሸካሚውን ተረት ፈልጌ ነው። ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተነዋል፤ እንዳንቺ አሟልቶ የያዘው ግን የለም። ከሰል አክሳዮች ትተውት የሄዱት ፍም አለ። እሳት እናነድበታለን። እኛ እሳቱ ፊት ስንጫወት ጥላችን ያ ልሙጥ ገደል ላይ ይታያል። እስቲ አስቢው፣ የእናትሽ ተረት ገደል አክሎ!»

አህያ መጀመሪያ ደስ አላላትም። ለጆሮ የተሠራ ነገር ለዓይን ምን ይሆናል ብላ አሰበች። ነገር ግን «የእናትሽ ተረት» የምትለዋ ቃል ሆዷን አባባቻት። እናቷ እንደ ገደል ገዝፋ ልትታይ ነው፤ ይህን እምቢ የሚል ልጅ የት አለ?

«አታበላሺውም?»

«ምን በወጣኝ! አንዲት ቃል አልነካም።»

አህያም ተረቱን ከጥግ እስከ ጥግ ነገረቻት።

በማግስቱ ቀበሮ እንስሳቱን ሁሉ ሰበሰበች። አህያም መጣች፤ ጅብ ከተቀመጠበት ግን ራቅ ብላ ቆመች። ስብሰባ ቢሆንም ጅብ ያው ጅብ ነው።

«እንግዲህ ተጫዋች እንምረጥ» አለች ቀበሮ። «ውኃውን የተሸከመው ማን ነው?»

«ይህም ይጠየቃል?» አለች አህያ። «አህያ ነዋ! ሸክም ባለበት ሌላ ማን ይጠራል?»

«ኧረ ኤሊ ነው!» አለች ኤሊ። «ቀስ ብሎ ባይሄድ ኖሮ ውኃው መንገድ ላይ ተደፍቶ ያልቅ አልነበር?»

«እሾህ ነበረው እኮ» አለ ሽማግሌው አያ ጃርት። «እናቴ ስትነግረኝ እሾሁ ይታየኝ ነበር።»

«እሾህ ቅል ይይዛል?» አለች ጦጢት። «እጅ ያለው ጦጣ ነው!»

«እኔ እንኳ እስከ ዛሬ የሚመስለኝ ጮማ የተሸከመ ነው» አለ አያ ጅቦ ግራ ገብቶት። «ውኃ ነው እንዴ? ለውኃ ብሎ ነው ያን ሁሉ መንገድ?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። በአንድ ተረት ያደጉ ናቸው፤ ለካስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዘመድ ሲያዩ ኖረዋል! ማንም ይህን ከማንም ጋር ተነጋግሮበት አያውቅም። አህያ እዚያው ቆማ ደስ አላት። ጃርትም እናት ነበረችው፤ ኤሊም እንዲሁ፤ ሁሉም በየጎጆው ያንኑ ቅል ሲያጅብ አድጓል።

ይህን ጊዜ አንበሳው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንበሳ ነበር» አለ።

ኤሊ አንገቷን ወደ ውስጥ ሳበች፤ ጦጢትም እጇን ደበቀች።

«እንዴታ ጌታዬ!» አለች ቀበሮ። «በዚያ ላይ ይህ ተረት ጠላት የለውም። ጠላት የሌለው ተረት ጨው የሌለው ወጥ ነው። አያ ጅቦ ውኃውን የሚቀማ ሽፍታ ይሁንልን።»

«ምሳ አለው?» አለ ጅብ።

አህያ ወደ ቀበሮ ጠጋ አለች። «አንዲት ቃል አልነካም ብለሽኝ አልነበር?»

«መች ነካሁ? ጨመርኩበት እንጂ!»

ቀኑ ደረሰ። ፀሐይ እንደጠለቀች እሳቱ ተቀጣጠለ፤ ከየጢሻው የወጣው እንስሳ ከገደሉ ትይዩ ባለው ሜዳ ተኮለኮለ። አህያም የከበደ ሆዷን እየጎተተች ፊት ለፊት ቦታ ያዘች።

መጀመሪያ ገደሉ ላይ ቅሉ ብቻውን ታየ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር፤ አህያም እንባዋ ግጥም አለ። ወዲያው ግን የአንበሳው ጋማ ብቅ አለና ገደሉን ሞላው። ጉንዳኑ የለም፤ አንበሳው «ንጉሥ ለጉንዳን ሲያጠጣ የት ታይቷል?» ብሎ አስወጥቶታል። ቆቋም፣ ዓይነ ስውሩ ጎሽም የሉም። በእነሱ ፋንታ አያ ጅቦ እየተንጎማለለ መጣ።

በተነገረው መሠረት ጅብ ቅሉን ሊቀማ ይሞክርና ተመትቶ ይሸሻል። ቅሉ ግን ቀድሞ ቅቤ የተናጠበት ኖሯል። ሽታው አፍንጫውን ሲመታው ጅብ ጨዋታውም፣ አንበሳውም፣ ሕዝቡም ጠፋበት። ቅሉን ቀማና ቀረጠፈው።

«ትፋው! ትፋው አንተ ሆዳም!» አለች ቀበሮ ከእሳቱ አጠገብ እያንሾካሾከች።

«አልቋል እኮ!» አለ ጅብ ጮክ ብሎ።

ቅል የለ፣ ውኃ የለ፣ ጠብታ የለ። ቀበሮ ግን መላ አታጣም። «ጌታዬ፣ ያግሡ!» አለች። አንበሳው አገሣ። ቀበሮ አስቀድማ ገደሉ አናት ላይ ያስቀመጠቻቸው ዝንጀሮዎች ያጠራቀሙትን ውኃ ቁልቁል ደፉት፤ ዝናብ ዘነበ ተባለ። ቀበሮ አንድ ቅጠላም ቅርንጫፍ ብድግ አደረገች፤ ዋርካዋ ለመለመች ተባለ። ሜዳው በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ።

«እኔ የሰማሁት እንዲህ አልነበረም» አለ አያ ጃርት።

«ዝም ይበሉ እስቲ!» አለችው አንዲት ወጣት ሚዳቋ። «ድሮ ድሮ ማለት አይሰለችዎትም?»

አህያ አላጨበጨበችም፤ ክፉም አልተናገረችም። «ጨዋታ ነው፤ ያልፋል» ብላ ወደ ማደሪያዋ ሄደች።

አላለፈም። በማግስቱ ወይራው ሥር ቆማ እንደ ልማዷ ተረቱን በልቧ ጀመረችው። ድርቅ ገባ፤ ቅሉም ተሞላ። ቅሉን የተሸከመው ግን ያ የምታውቀው ግራጫ አህያ አልነበረም፤ አንበሳ ነው። ዓይኗን ጨፍና እንደገና ጀመረች። አሁንም አንበሳ። ጉንዳኑ ጋ ስትደርስ የግንዱን መታከክ ብትጠብቅ፣ ጆሮዋ ላይ የመጣው ግሣት ሆነ። ያን ሁሉ ክረምት የያዘችውን በአንድ ምሽት ተነጠቀች። ያን ዕለት እናቷ በሞተች ጊዜ እንኳ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች። ያን ጊዜ ተረቱ ቀርቶላት ነበር፤ አሁን ምን ቀራት? ለልጇስ ምን ልትሰጥ ነው?

ክረምቱ ሲገባ ሴት ውርንጭላ ወለደች። ቀበሮም ለጥየቃ ብቅ አለች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ እትዬ! እንዴት ታምራለች! ለመስከረም ያንኑ ጨዋታ እንደግመዋለን፤ አሁን አንበሳው ሁለት ጊዜ ነው የሚያገሣው። ልጅሽን ከሁሉ ፊት አስቀምጥልሻለሁ።»

«አይሆንም» አለች አህያ።

«ተቀየምሽኝ እንዴ?»

«ቂም አይደለም ቀበሪት። መጀመሪያ ትስማው። ሰምታው፣ ልቧ ውስጥ ከከረመ በኋላ፣ ደስ ካላት ትምጣ። ያሳየሽኝ አንበሳ ከዓይኔ አልወጣ አለኝ። እኔስ ለዘመናት ይዤው ነው ያጣሁት። እሷ ግን ገና ሳታገኘው እንዴት ትጣው?»

ቀበሮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እኔ ጋ ውኃ ተሸካሚዋ ቀበሮ ነበረች» አለች። «አክስቴን ትመስል ነበር፤ አንድ እግሯን አነከስ ታደርጋለች። በስብሰባው ቀን ሁላችሁ የየራሳችሁን ስትናገሩ እኔም ልናገር ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አንበሳው ጉሮሮውን ሲጠርግ ዋጥኩት። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ስፈልጋት የለችም።»

አህያን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀበሮ አሳዘነቻት።

«እኔም ቁጭ ብዬ ልስማ?» አለች ቀበሮ።

«ተቀመጪ። ግን አንዲት ነገር አትጨምሪ።»

ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። አህያ ጀርባዋን ለንፋሱ ሰጠች፤ ውርንጭላዋ ሆዷ ሥር ገባች፤ ቀበሮም ከወይራው ሥር ጥግ ይዛ ጭራዋን ሰበሰበች። ተረቱ ተጀመረ። አንበሳው ከአህያ ፊት ንቅንቅ አላለም፤ ገደሉን እንደሞላ ነው። እሷ ግን ጋማውን እያየች «አንድ ፍጥረት ነበረ» አለች። ጉንዳኑንም፣ ቆቋንም፣ ዓይነ ስውሩን ጎሽም አንድ በአንድ እየመለሰች አስገባቻቸው።

«እማዬ፣ ያ ፍጥረት ማን ነው?» አለች ውርንጭላዋ። «ምን ይመስላል?»

አንበሳው የአህያ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ብላ ወደ ቀበሮ አየች። ለአገር ሁሉ መልሱን ገደል አክላ ያሳየችው ቀበሮ፣ አሁን መሬት መሬቱን እያየች አፏን ገጥማለች።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለች አህያ። «አንቺን ምን ይመስልሻል?»

ውርንጭላዋ ዓይኖቿን ጨፈነች። ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል። ቆይታ ቆይታ ፊቷ ፈገግ አለ።

«አየሁት!» አለች። «እማዬ፣ አየሁት! ማን እንደሆነ ልንገራችሁ?»

«አትንገሪን!» አሉ አህያና ቀበሮ እኩል።

ከዚህ የምንማረው፣ አንድ መልክ ሰጥተን ያሳየነው ተረት ሌሎቹን መልኮች ሁሉ ስለሚያባርር፣ ልጅ የልጅነቱን ተረት መጀመሪያ በጆሮው ሰምቶ በገዛ ልቡ እንዲስለው መተው እንደሚገባ ነው።